ቦና ሲሉ መቼ ማለትዎ ነው?
ማሽን ከሰው ጋር ስለሚያደርገው ንግግር በሮቤ የሚቀርብ ዲስኩር



በአገራችን ወግ ጨዋታ የሚጀመረው በጥያቄ ነው። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እርሻው እንዴት ነው ተባብለን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። ዛሬ የምናገረው ቻትቦት ስለሚባሉት፣ ከሰው ጋር ስለሚነጋገሩ ፕሮግራሞች ነው። እምነቴን አስቀድሜ ልናገር፤ መልስ የሚሰጥ ማሽን ብቻውን አይበቃንም፤ መልሶ የሚጠይቀን ያስፈልገናል።

በ1958 ዓ.ም. አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኤላይዛ» የተባለች ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ኤላይዛ የሰውን ችግር የምታውቅ አልነበረችም። ከተጻፈላት ውስጥ ቁልፍ ቃል ትፈልጋለች፤ «እኔ» የሚለውን ወደ «አንተ» ለውጣ በጥያቄ ትመልሳለች። «ስንዴዬ ታመመብኝ» ለሚላት «ስንዴህ ታመመብህ? እስቲ ንገረኝ» እንደማለት ነው። ያም ሆኖ የዋይዘንባም ጸሐፊ ከፕሮግራሟ ጋር ብቻዋን ለማውራት ብላ ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ሰው ጠያቂ ሲያገኝ ልቡን ይከፍታል።

እኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን ነጻ የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በቋንቋው ይሰማል። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተቀዳው ምክር ከምርጫዎቹ ውጭ ለሆነ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የወጣው ቻትጂፒቲ የተባለ ቻትቦት ይህን አጥር ሰበረ። እንደ እሱ ያሉት ማሽኖች ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይናገራሉ። የፈለጋችሁትን ብትጠይቁ ይመልሳሉ። ጭንቀቴም ከዚሁ ይነሳል፤ ግምታቸው የሚያዘነብለው ብዙ ወደተጻፈበት ነው።

አንድ የባሌ ጎሮ ገበሬ «ለቦና ምን ስንዴ ልዝራ?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ኦሮምኛ በሚነገርበት በአብዛኛው አገር ቦና ማለት በጋ ነው። ማሽኑም «በደረቅ ወቅት ያለ መስኖ አይዝሩ» ቢል አይገርምም። ባሌ ውስጥ ግን ቦና ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው የእርሻ ወቅት ነው፤ «ገና» የሚባለው ደግሞ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው። ማሽኑ ቃሉን ያውቃል፤ አገሩን አያውቅም። ገበሬው ቢያምነው ዝናቡ ያልፈዋል።

ዕውቀት ጊዜም ያልፍበታል። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ የተባለውን በሽታ በመቋቋሙ ተመስግኖ በባሌና በአርሲ ማሳዎች ተስፋፋ። 8028 በተከፈተበት በዚያው በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተዛምቶ ያንኑ ስንዴ መታው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ማሽን ዛሬም ዲገሉን በሙሉ ልቡ ያመሰግናል። የሚያሳስበኝ ሲሳሳትም ድምፁ የማይለወጥ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማሽን የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ከመመለሱ በፊት እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩት፤ «ማሳዎ የት ነው? ቦና ሲሉ መቼ ማለትዎ ነው? ዋጉ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው ወይስ አገዳው ላይ? ቀለሙስ?» የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳ ዳር ቆሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራንም የምታውቁትን በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ ጻፉ። እኛ ያልጻፍነውን ማሽኑ ከሌላ አገር ወሬ ይሞላዋል።

አባቶቻችንን የቦናን ትርጉም ዛሬ ጠይቀን እንጻፈው። ያን ጊዜ የጎሮው ገበሬ ሲጠይቅ ማሽኑ ስለ ጎሮ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።