ለቅሶ ደርሰን የግድያ ልብ ወለድ ስለምናነብ ሰዎች

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፤

ቀብር ውለን ማታ የግድያ ልብ ወለድ የምንገልጥ ሰዎች በመካከላችሁ አለን። «ሞት አልበቃችሁም ወይ?» ትሉናላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛ የምንወዳት እንግሊዛዊቷን አጋታ ክሪስቲን ነው። መርዝን የተማረችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመው የመጀመሪያ መጽሐፏ ብቅ ያለው መርማሪ ፖይሮም ጦርነት ከቤልጅየም ያሰደደው ሰው ነው። በሁለተኛው ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ ምናልባት ባልተርፍስ በሚል የፖይሮን መጨረሻ ጽፋ አስቀመጠችው፤ በ1975 ወጣ። ያን ጊዜ ኒውዮርክ ታይምስ ሞቱን እንደ እውነተኛ ሰው መርዶ በፊት ገጹ አተመ። ዕድር ብቻ ነው የቀረው!

ታዲያ ደስታው ምኑ ላይ ነው? ሟቹ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው መጨረሻው ላይ ይነገራላ። ልጃቸው ዘምቶ በዚያው የቀረባቸውን፣ ያለ ሬሳ ድንኳን የተከልንላቸውን እናታችንን ታውቃላችሁ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስን ተራ ገብተን እናነብላቸዋለን። ማን እንደገደለ ሳይሰሙ አያሰናብቱንም።

ባለፈው «ሞት በአባይ ላይ» የሚለውን ስናነብ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቀደው አገኘናቸው። እኛ አፈርን። እሳቸው ግን «ተዉት፣ ይኸንንስ ለምጄዋለሁ» አሉና ቡና አቀረቡልን።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ዞረን አጣነው። ሙሉው ያላችሁ ለዕድሩ ጸሐፊ ብታደርሱልን በሳምንቱ እንመልሳለን።