ከሒሳቡ በፊት ደስታው

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

የሚነበብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 14፥8-18



የአብርሃ ጅራና የመተማ ቆላ ሰው የመጀመሪያውን ከባድ ዝናብ በደንብ ያውቀዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጥቁሩ አፈር ይሰነጣጠቃል፤ ከብቱ ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። ከዚያ አንድ ቀን ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋሱ አቧራውን ያነሳል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፤ ወዲያው ዶፉ ይለቀቃል! ቆርቆሮው ሲደበደብ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢናገር አይሰማችሁም። ልጆች ወደ ጭቃው ይሮጣሉ፤ ሽማግሌውም ከደጃፉ ወጥቶ እጁን ይዘረጋል። ያ የተሰነጠቀ መሬት ውሃውን ሲጠጣ ማየት ደስ አይልም እንዴ?

እኛ ግን ቶሎ ወደ ሒሳብ እንገባለን። ትራክተር በስንት ይገኛል? ዘንድሮ ሰሊጥ ስንት ያወጣል? ብድሩስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃ ከተኛበት ሰሊጥ እንደሚጠፋ፣ ከዝናቡም በኋላ ወባ እንደሚመጣ የማያውቅ ቆለኛ የለም። ነገር ግን ስጦታውን ሳናይ ወደ ዋጋው ከሮጥን፣ ሰጪውንም አልፈነው ሄድን ማለት ነው።

ጳውሎስ በልስጥራን የተናገራቸው ሰዎች ነቢያትን የማያውቁ ነበሩ። ታዲያ ስለ ሕያው አምላክ ምን ምስክር አቀረበላቸው? ዝናብን! ቁጥር 17ን ልብ በሉ፤ እህልን ብቻ አላነሳም፣ ልብን የሚሞላ ደስታንም ጨምሯል። ደስታው ራሱ ስጦታ ነው እኮ! ሰሊጡ ገና ሳይዘራ፣ ማሽላው ገና ሳይበቅል የተሰጠ ስጦታ ነው።

ሙሴም ለእስራኤል ሁለት ዓይነት እርሻ አሳያቸው (ዘዳግም 11፥10-11)። አንዱ ሰው ደክሞ የሚያጠጣው የግብፅ እርሻ ነው፤ ሌላው ከሰማይ የሚጠጣ። የእኛ የትኛውን ይመስላል? ጓንግና አንገረብ ወደ አትባራ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ማሳችን ግን ቀና ብሎ ሰማዩን ይጠብቃል። ትራክተር በኪራይ ይመጣል፤ ደመናን ግን ማን ያከራያል?

ኢሳይያስ 55፥10 ከዝናቡ ጋር በረዶንም ያነሳል። መሬትን ነጭ የሚያለብስ በረዶ ለእኛ ሩቅ ነው፤ አንዳንዴ በስሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ይታያል። መልእክቱ ግን ለደጋውም ለቆላውም አንድ ነው፦ ከላይ የወረደው ሥራውን ሳይሠራ አይቀርም፤ የጌታ ቃልም እንዲሁ።

ታዲያ ደስታችን ከእግዚአብሔር መሆኑ በምን ይታወቃል? ለምንጣሮ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። እኛ ከቆርቆሮ ሥር ሆነን ዝናቡን ስናደንቅ፣ እሱ በሚያፈስ ዳስ ውስጥ ብርድ ልብሱን አቅፎ ይቀመጣል። እግዚአብሔር ሕዝቡን በበዓል ደስ ይበላችሁ ሲል አገልጋዩን፣ መጻተኛውን፣ የሙት ልጁንና መበለቲቱን ለይቶ ጠርቷል (ዘዳግም 16፥11)። ስለዚህ ዳሱን ክደኑለት፤ ሸራና አጎበር ስጡት፤ ቡናው ሲፈላ ጥሩት። ከጎረቤታችሁ ጋር በድንበር ተጣልታችሁ ከሆነም፣ ዝናቡ ሁለቱንም ማሳ እኩል አጠጥቷልና ሄዳችሁ ታረቁ (ማቴዎስ 5፥45)።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዝናቡን ወደህ፣ ዝናቡን ወደሽ፣ ሰጪውን ሳታውቁት አትቅሩ። ልጁን ኢየሱስን የሰጠን እርሱ ነው። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ሒሳቡን ለጥቂት ጊዜ አቆዩት። ቤተሰቡን ሰብስባችሁ በሩን ክፈቱ፤ እዩ፤ ተደሰቱ፤ አመስግኑ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ሳንከፍል ስለምታጠጣን እናመሰግንሃለን። የሚደሰት ልብ፣ ለሌላውም የሚራራ እጅ ስጠን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።