የሰብለ ወንጌል ቆብ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ አንድ መጽሐፍ ተናገር ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መረጥኩ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ያወቅነው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው።

ለማታውቁት ልጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ጎጃም ውስጥ የሚኖሩት ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘሩ እየናቁ ይመልሳሉ። የልጅቱ የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል። በኋላ ሊያስተምራት የመጣውን የባላገር ልጅ በዛብህን ትወዳለች።

ይህን ታሪክ ስናወራ ጥፋቱን ሁሉ በፊታውራሪ ላይ እንከምራለን። ማዕረግና ጥቅም ወዳድ ናቸው፤ ከባላገሩ ጋር እስከ መዋጋት ያደረሳቸውም ከደንቡ በላይ እጅ መንሻ መፈለጋቸው ነው። ግን እስቲ የበዛብህን እናት ውድነሽን እዩዋት። ሀብት አልተመኘችም። ልጇ በሕይወት እንዲኖርላት ለእግዚአብሔር ተሳለችው። ስለቱ ከእናት አንጀት የወጣ ነው፤ ዕዳው ግን የወደቀው በልጁ ላይ ነው። ፊታውራሪ ስለ ክብር፣ ውድነሽ ስለ እምነት፣ ሁለቱም ልጃቸውን ሳይጠይቁ ወሰኑ።

ሐዲስን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ዓለማዊውን እዚህ፣ መንፈሳዊውን እዚያ ብለው አይከፍሉልንም። የሰብለን ቆብ አስቡት። መጀመሪያ መነኩሴ መስላ የወጣችው ከአባቷ ቤት አምልጣ በዛብህን ፍለጋ ነበር። ያገኘችው መንገድ ላይ ወንበዴ አቁስሎት፣ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ከቀበረችው በኋላ ግን የእውነት መነኮሰች። መሸሸጊያ የነበረው ልብስ ኑሮዋ ሆነ። ዕረፍት አገኘች ብዬ አልደፍርም፤ ሐዘኑ ከባድ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የመረጠችው ግን እርሷው ናት።

ይህን የምለው ከፊታውራሪ ስለምሻል አይደለም። ሴት ልጄ አንድ ቀን ጓደኛዋን ቤት ይዛ መጣች። ስሙን ሳልጠይቀው «የካናዳ ፕሮሰስህ የት ደረሰ?» አልኩት። ልጁ ነገሩ ገባው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያወረድኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ልጄ ዛሬ እዚህ አለች፤ ከኋላ ተቀምጣለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። መልሷን ገና እየጠበቅሁ ነው።