ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ያለው የሰማይ መንገድ፤ ርቀቱና ጊዜው



ዛሬ የምነግራችሁ ከአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ካይሮ አይሮፕላን ማረፊያ ስላለው ርቀትና መንገዱ ስለሚፈጀው ጊዜ ነው። ይህን መንገድ የመረጥሁበት ምክንያት፥ የጥንት አባቶቻችን ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ምስር መልእክተኛ ሲልኩ የጕዞውን ርዝመት በወራት ይቈጥሩት ስለ ነበረ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ያደረገው ወደዚሁ ከተማ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድመን ርቀቱን እንፈልግ። ለዚህ የሚያስፈልገን ካርታና ጠመኔ ብቻ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ለ360 ዲግሪ ሲካፈል ለአንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ፥ ካይሮ ደግሞ በ30 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ 21 ነውና በ111 ሲባዛ 2,331 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ካይሮ ወደ ምዕራብ 7 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ያለች ስለ ሆነች መስመሩ ያጋድላል፤ በዚህም ምክንያት እውነተኛው ርቀት ወደ 2,480 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

እንግዲህ ጊዜውን እንመርምር። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ፥ ገደልና በረሃ ባያግደው እንኳ፥ ይህን ርቀት ለመጨረስ 83 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በ1938 ዓ.ም. የበረረው ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ነውና በአየር ላይ ብቻ ከ9 ሰዓት በላይ ያስፈልገው ነበር። የዛሬው ጄት ግን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር በሒሳብ ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይገባው ነበር፤ ሆኖም ጕዞው 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ተማሪ ይህ ስለ ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቅ አትቈጡት፤ ጥያቄው መልካም ነውና። አይሮፕላኑ በምድር ላይ ሲንከባለል፥ ወደ ላይ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ያንሳል፤ ነፋስም አንድ ጊዜ ይገፋዋል፥ አንድ ጊዜ ያዘገየዋል፤ መንገዱም እኛ በካርታ ላይ እንዳሰመርነው ቀጥ ያለ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቀጥታው መስመር በሱዳን ላይ ያልፋል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚያ አገር ሰማይ ለመንገደኛ አይሮፕላን ተዘጋ፤ በዚያ ያልፉ የነበሩ ብዙ አይሮፕላኖችም በቀይ ባሕር በኩል ለመዞር ተገደዱ። ልብ በሉ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለችው ምድር አንዲት ክንድ እንኳ አልጨመረችም፤ መንገዱን ያረዘመው የሰው ጠብ ነው።

ስለዚህ፥ መምህራን ሆይ፥ በሰሌዳው ላይ ሁለት ቍጥር ለይታችሁ ጻፉ፤ አንዱ ርቀት፥ ሁለተኛው ጊዜ ይሁን። ርቀቱ እንደ ተፈጠረ ይኖራል፤ ጊዜው ግን በዕውቀት ያጥራል፥ በጦርነት ይረዝማል። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ባስታረቃችሁ ቀን፥ መሐንዲስ ሳይጠራ፥ ገንዘብም ሳይወጣ፥ መንገድ እንዳሳጠራችሁ ዕወቁ።