ስለ ባሕር ሥነ ሕይወት ትምህርትና ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ መዛወር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ከቤተ ሰቦቻችን ጋራ ወደ አሜሪካ ሄደን፥ በካሊፎርኒያ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። የምንናገረውም ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የባሕር ሥነ ሕይወት ለመማር የሚያስብ ሰው ዕቅዱን መቼ ያወጣል የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከመመዝገቡ አስቀድሞ።

በካሊፎርኒያ 116 የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ተማሪው ሁለቱን ዓመት በዚያ ተምሮ የቀረውን በዩኒቨርሲቲ ይጨርሳል። የግዛቱ ነዋሪ ለአንድ ዩኒት 46 ዶላር ይከፍላል፤ ነዋሪ ለመባል ግን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መኖር ያስፈልጋል፤ ይህን ያልሞላ ተማሪ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ወላጆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።

የትምህርቱን ስም ሰምቶ የመጣ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ስለ ዓሣ ነባሪ የሚማር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሁለቱ ዓመት የሚጠየቀው ካልኩለስ፥ ፊዚክስ፥ ባዮሎጂ፥ ከሁሉ ይልቅ ኬሚስትሪ ነው። ኬሚስትሪ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ጠቅላላ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ሁለት ይጨመራል። እንግዲህ የመጀመሪያውን በጊዜው ያልጀመረ ሰው ሁለቱ ዓመት ሦስት ይሆንበታል። ሒሳቡ ያልበቃውም ለኬሚስትሪው አይመዘገብም፤ በዚህ አዳራሽ በአልጀብራ ያስጨነቁን መምህር ምስጋናችን ይድረሳቸው! ላቦራቶሪው ደግሞ ሰዓት ይበላል፤ ከመካከላችን ሌሊት የሚሠሩ ስላሉ አንዳንዱን ትምህርት በበጋው ዕረፍት ወስደነዋል።

አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለውን ትምህርት ሌላው ላይቀበል ይችላል። የትኛው የት እንደሚቈጠር አሲስት የተባለው የግዛቱ መዝገብ ያሳያል፤ ይህን ይዞ ወደ አማካሪ መሄድ ይገባል፤ ባዶ እጅ የሄደ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካሉት ካምፓሶች ስድስቱ፥ ሳንታ ክሩዝም ጭምር፥ የተወሰነውን ነጥብና ትምህርት ላሟላ ተማሪ የመግቢያ ዋስትና ይሰጣሉ። የዋስትናው ማመልከቻ በሴፕቴምበር ወር፥ ከመግቢያው አንድ ዓመት አስቀድሞ ይቀርባል፤ እስከዚያም 30 ዩኒት መጨረስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተው የስክሪፕስ ተቋም ያለበት የሳን ዲዬጎ ካምፓስ ግን ዋስትና አይሰጥም፤ ስለዚህ እርሱን ብቻ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አደገኛ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባሕር የላትም፤ ታዲያ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅማል? ብለው ወላጆቻችን ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓሣን የመቍጠርና ውሃን የመመርመር ዘዴ ለሐይቅም ያገለግላል፤ በጣና ሐይቅ ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች አሉ፤ በሰበታም ይህንኑ የሚያጠና የምርምር ማእከል አለ።

የትምህርቶቹን ዝርዝርና ቅደም ተከተል የጻፍንበትን ወረቀት ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክበናል፤ የሚፈልግ ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል።