ማዳበሪያና ፈንጂ ከአንድ ፋብሪካ



የጥንት ዘማች ስንቁ ሲያልቅ ወይም ክረምት ሲገባ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። የፋብሪካ ጦርነት ግን ክረምት አያውቅም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 በጀርመን አገር፣ በኦፓው፣ ከአየር ናይትሮጅን አሞንያ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ፤ የታሰበውም ለእርሻ ማዳበሪያ ነበር። በ1914 ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ስለ ዘጉ ከቺሊ የሚመጣው ናይትሬት ተቋረጠ። ያን ጊዜ አሞንያው ለፈንጂ መሥሪያ ዋለ፤ ፈንጂ አጥቶ ሊቆም ይችል የነበረው ጦርነትም እስከ 1918 ቀጠለ። በ1916 በሶም ወንዝ አጠገብ በመጀመሪያው የውጊያ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ሠራዊት 19,240 ሰዎች ሞቱ።

የአሞንያውን ዘዴ ያገኘው ሊቅ ፍሪትዝ ሀበር በ1915 በኢፕር ግንባር የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅም ሥራውን መርቷል። የመርዝ ጋዝ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ በእኛ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ፣ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የዠኔቭ ውል ፈርማ ሳለች፣ የሰናፍጭ ጋዝ በወታደሩም በባላገሩም ላይ ከአውሮፕላን አዘነበች።

ኬሚስትሪው ለማዳበሪያም ለፈንጂም አንድ ነው። ስለዚህ ነገ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ፣ ደመወዙ ስንት ነው ከማለታችን በፊት፣ የምንሠራው ነገር ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ።