የርዳታ ገንዘብ እጅ እስኪገባ ድረስ
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለኀዘን ነው። ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ከለጋሾች ጋር እየተዋዋሉ ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ሕፃናትንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ሲረዱ መቆየታቸው የታወቀ ነው። እኛም እንዲህ ያለውን ሥራ ለመያዝ ስለተነሣን፣ ዕድሜያችንን ከደብተርና ከደረሰኝ ጋር የፈጀን ሰዎች ስለ ገንዘቡ አመጣጥ ጥቂት እንበል።

አንደኛ፣ ውል ተፈረመ ማለት ገንዘብ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ብዙ ለጋሾች ገንዘቡን የሚለቁት ከፋፍለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው የመጀመሪያው በደረሰኝ ተወራርዶ ሪፖርቱ ሲጸድቅ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ለዓመቱ 600 ሺህ ብር ተፈቅዶልን በሦስት ጊዜ 200 ሺህ፣ 200 ሺህ ይሰጠናል እንበል። የወር ወጪያችን 50 ሺህ ከሆነ የመጀመሪያው ለ4 ወር ይበቃል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ሪፖርት መጻፍ ብንጀምር፣ ለመጻፉ 1 ወር፣ ለምርመራው 2 ወር ቢፈጅ፣ 3 ወር ባዶ ካዝና ነው፤ ይኸውም 150 ሺህ ብር። በወረቀት ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም! ታዲያ ልጆቹ እስከዚያ ምን ይብሉ?

ይህን ጊዜ ሰው ዐይኑን የሚጥለው የቀብሩ ገንዘብ ላይ ነው። «ለጊዜው እንበደር፣ ሲመጣ እንተካለን» ይባላል። ይህ መሆን የለበትም እንላለን። ሞት ሪፖርት እስኪጸድቅ አይጠብቅም እኮ! እንደዚሁም የለጋሹ ገንዘብ ድንኳንና ወንበር ቢገዛበት፣ ለጋሹ ወጪውን አልቀበልም፣ መልሱልኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ገንዘቦች በሁለት የባንክ ሒሳብና በሁለት መዝገብ ይያዙ።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ በየወሩ መጨረሻ ይወራረድ። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ 150 ሺው ወጥቷልና፣ ውሉ ከፈቀደ ሪፖርቱ ያን ጊዜውኑ ይላክ። ምርመራው 2 ወር ቢፈጅ እንኳ ክፍተቱ ከ3 ወር ወደ 1 ወር ይወርዳል። ለዚያችም አንድ ወር፣ ከመፈረማችን በፊት የመጀመሪያው ክፍያ 250 ሺህ እንዲሆን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ የ12 ወር ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ተሰናድቶ በየወሩ ለኮሚቴው ይቅረብ። ጉድለት ከሩቅ ከታየ አዲስ ልጅ አይመዝገብ፣ ግዢም ይቆይ። የተመዘገቡት ልጆች ቀለብ ግን ከሁሉ በኋላ የሚነካ ይሁን።

አራተኛ፣ ከእጃችን ውጭ የሆነም ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ግድም የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታው ለ90 ቀን እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ፣ ውል እያላቸው ሥራቸው በድንገት የቆመባቸው ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ለጋሹ ቢያቋርጥ የተሠራው እንዲከፈል፣ ማስጠንቀቂያም አስቀድሞ እንዲሰጠን በውሉ ይጻፍ። የሠራተኛ ቅጥርም ከርዳታው ዘመን አይርዘም።

እንግዲህ ሥራውን አትያዙ ማለታችን አይደለም፤ ልጆቹ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ እጃቸውን ከያዝን ግን መንገድ ላይ መልቀቅ አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጉባኤው ከፊርማው በፊት ይህን አጥብቆ ይመርምር።